«ይቆጠራል» የሚለው ቃል እናቴን 5 ቀን በር ላይ አስቀመጣት፤ የአፋችን አማርኛ ወረቀት ላይ ሲደርስ የት ነው የሚጠፋው?

ሰላም የአዳማ ልጆች እንዴት ናችሁ። አንድ ነገር ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሆዴ አልወጣ ስላለኝ ነው የምጽፈው፣ ረዘም ይላል ታገሱኝ።

እናቴ ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ብቻዋን ነው የምትኖረው። እኔ ፖስታ ቤት አካባቢ ኮፒና ኮምፒውተር ጽሕፈት እሰራለው፣ ቅዳሜ ከሰዓት እየሄድኩ ነው የማያት። ሰኞ ለት የህንጻው ኮሚቴ ደረጃው ስር ማስታወቂያ ለጠፈ፣ እንዲህ የሚል፤

«የጋራ ቆጣሪ ውዝፍ ክፍያን በሚመለከት ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 5 ተከታታይ ቀናት ውስጥ ቅሬታውን በጽሑፍ ያላቀረበ ነዋሪ በክፍያው እንደተስማማ ይቆጠራል።»

እናቴ ማንበብ ትችላለች። መነጽሯን አድርጋ ጣቷን ከቃል ቃል እያስኬደች ሁለቴ አነበበችው። ቆጣሪ ይላል፣ 5 ቀን ይላል፣ መጨረሻው ላይ ይቆጠራል ይላል። በቃ በ5 ቀን ውስጥ ሰው መጥቶ ቆጣሪውን ሊቆጥር ነው ብላ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ሐሙስ ለት የእድር ለቅሶ ነበረ፣ እሱን እንኳን ደርሳ ሳትቀመጥ ነው ሮጣ የተመለሰችው፣ ቆጣሪ አንባቢው መጥቶ ቤት ዝግ ሆኖ እንዳያገኘው ብላ። ቅዳሜ ስደርስ ቆጣሪው ስር ተደርድሮ የነበረውን የጎረቤት ጀሪካን ገለል አድርጋዋለች፣ መስታወቱን በእርጥብ ጨርቅ ወልውላ ቁጥሩ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ሰውየው ግን ምነው ሳይመጣ ቀረ አለችኝ።

ወረቀቱን ራሴ ሳነበው ነው ነገሩ የገባኝ። የውሃ ፓምፑ የጋራ ቆጣሪ ላይ ውዝፍ አለ፣ የሷ ድርሻ 1,840 ብር ነው። ከዛ ውስጥ የ4 ወሩ እሷን አይመለከታትም፣ ታማ እኔ ቤት ነው የከረመችው፣ ቤቷ ዝግ ነበር፣ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ኮሚቴው ጋ ሄጄ ሳስረዳ ግዜው አልፏል፣ እንደተስማማች ተቆጥሯል አሉኝ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። እነዚሁ ሰዎች እናቴን ደረጃ ላይ ሲያገኟት እኮ እማማ ሂሳቡ ልክ አይደለም ካሉ እስከ አርብ ይንገሩን ነው የሚሏት፣ እንደዛ ቢሆን አንዲት ቃል አታመልጣትም ነበር። ያ አፍ ወረቀት ላይ ሲደርስ የት ነው የሚጠፋው? የሚያውቅ ያስረዳኝ፣ ከወዲሁ አመሰግናለው።

*

ከዚህ በታች ያለውን የምጽፈው ዘግይታችሁ የገባችሁ ሰዎች ምን ተባለ እያላችሁ በውስጥ መስመር ስለምትጠይቁኝ ነው። መልሱ 20 ደርሷል፣ ሁሉንም ወደ ላይ ወጥቶ ማንበብ ስለሚያደክም በየቁጥሩ የተባለውን በራሴ አነጋገር ላስቀምጥላችሁ።

1ኛ። መጀመሪያ የጻፉት አንድ አባት ናቸው፣ በጣም በአክብሮት፣ ለእናቴ ምሕረቱን ያውርድላት ብለው ነው የጀመሩት። እሳቸውም አንድ ጊዜ የተላከላቸው ደብዳቤ ግርጌ ላይ «ግልባጭ» የሚል አይተው ውሳኔው የተገለበጠባቸው መስሏቸው ሌሊቱን ሳይተኙ ማደራቸውን ነገሩን። ጠዋት ልጃቸው ነው አባባ ይሄ እኮ አንዱ ቅጂ ለሌላ ክፍል ተልኳል ማለት ነው ብላ ያረጋጋቻቸው። ጥያቄዬን በቀጥታ አልመለሱም ግን ብቻዬን እንዳልሆንኩ ስለተሰማኝ ደስ አለኝ።

2ኛ። ነርስ ነች። ያወራችው በየቀኑ ስለሚያጋጥማት ነገር ነው። ካርዱ ላይ የሚጻፈው «ማስታወክ» ነው፣ ስራ እንደጀመረች ሰሞን እናቶችን ልጁ ያስታውከዋል ወይ ብላ ስትጠይቅ አንዳንዶቹ ዝም ብለው ያዩዋታል፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ላለማፈር አይ ይላሉ። ያስመልሰዋል ወይ ብላ ስትጠይቅ ግን ከትናንት ማታ ጀምሮ የጠጣው ውሃ እንኳን አልረጋለትም ይሏታል። አሁን ካርዱ ላይ አንዱን ትጽፋለች፣ በአፏ ሌላውን ትጠይቃለች። ለአንድ ሕፃን የ«አይ» እና የ«አዎ» ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ እሷ ከኛ በላይ ታውቃለች። ለኔ ከሁሉም መልስ ውስጡን የነካኝ የሷ ነው፣ ምክንያቱም እናቴም አልገባኝም ብላ አትጠይቅም፣ ገባኝ ብላ ነው የተቀመጠችው።

3ኛ። ይሄኛው ሰውዬ ጠጠር ብሎ ነው የመጣው። «አመሰግናለው»፣ «እሰራለው»፣ «ግዜው» ብላ የምትጽፍ ሰው ስለ አማርኛ ለመናገር ምን ድፍረት አላት ነው ነገሩ። በዛ ላይ ሥራዬ ጽሕፈት መሆኑን አንስቶ አገሩን በስህተት የምትሞሉት እናንተ ናችሁ አለ። ሁለት ሦስት ሰው ልብ አድርጎለታል። እውነት ለመናገር ፊቴ ጋለ።

4ኛ። እግዜር ይስጠውና ይሄ ልጅ የ3ኛውን ስድብ ወደ ትምህርት ቀየረው። እሱም «ለው» ስህተት ነው ብሎ ነው የጀመረው ግን ለምን እንደሆነ አስረዳ። «እሰራለሁ» መጨረሻው «አለሁ» ነው፣ እዚህ አለሁ እንደምንለው። «አለው» ደግሞ ሌላ ሰው የሆነ ነገር አለው ማለት ነው። «አየሁ» እኔ ነኝ ያየሁት፣ «አየው» እሱ ነው ሌላውን ያየው። በአፍ ስናወጣው ሁለቱ ጆሮ ላይ አንድ እየሆኑ መጥተዋል፣ ሰሚው ከሁኔታው ስለሚረዳው ማንም አይቸገርም። ወረቀት ላይ ግን የተናጋሪው ፊት የለም፣ ድምፁ የለም፣ ፊደሏ ብቻ ናት ያለችው። ሌላም ጨመረ፤ «ሁ» እና «ኩ» አንድ ናቸው፣ አናባቢ ሲቀድማት «በላሁ»፣ «ጠጣሁ»፣ ተነባቢ ሲቀድማት «ሄድኩ»፣ «ነገርኩ»፣ ጎጃምና ጎንደር ግን «ሄድሁ»፣ «ነገርሁ» የሚል ሰው ዛሬም አለ፣ በግእዝ ሁሌም «ኩ» ነው። ከዛ በተቃራኒው ደግሞ ፊደላችንም ከአፋችን የሚያጎድለው አለ አለ፣ ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍም። «ገና» ብለህ ስትጽፍ በዓሉ ይሁን ጊዜው አልደረሰም ለማለት ይሁን አፍህ ነው የሚለየው፣ «ይመታል» መቺውም ተመቺውም ነው።

ከዛ ወዲህ እያስተዋልኩ ነው የምጽፈው፣ «አመሰግናለሁ» ብዬ። ላይኛውን ፖስት ግን አላረምኩትም፣ ከታች ያሉት መልሶች እሱን እያዩ ስለተጻፉ። የ3ኛው ሰው እርማት ልክ ነበር፣ አነጋገሩ ግን ሰውን ከመጻፍ የሚያስቀር ነው። ስንት ሰው ነው ይሄን ፈርቶ ማመልከቻውን ራሱ መጻፍ ትቶ ገንዘብ ከፍሎ የሚያስጽፈው፣ እኔ ሱቅ ሲመጡ አያቸዋለሁ።

5ኛ። መምህር ናቸው፣ ትውልዳቸው ጎጃም፣ አዳማ ማስተማር ከጀመሩ 22 ዓመት። ከኔ ጋር አልተስማሙም፣ ሆኖም ግን በትህትና። እኔ የአፍ አማርኛ የምለው የማን አፍ ነው ብለው ጠየቁ። እሳቸው «ሄድሁ» ብለው አድገዋል፣ ባለቤታቸው ወሎ ናት «አብሽር» ትላለች፣ ልጆቻቸው ደግሞ አዳማ ተወልደው «አቦ» እና «ጀለስ» ይላሉ፣ አንድ ቤት ውስጥ ሦስት አፍ። ሁሉም እኩል የሚያነበው አንድ የጋራ ጽሑፍ ከሌለ ማን ለማን ይጽፋል? ይሄ ከባድ ነጥብ ነው፣ ሁለት ቀን አስቤበታለሁ። ከሱ ቀጥለው ስለ ድርብ ብዙ ቁጥር ገቡ፣ «ቃላት» ራሱ ብዙ ስለሆነ «ቃላቶች» አይባልም፣ «ሕፃናቶች»፣ «መምህራኖች» አይባልም፣ ከግእዝ የመጣው ብዙ ቁጥር ላይ የአማርኛውን «ኦች» መደረብ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ሦስት አንቀጽ ጻፉ፣ እኔ እዚህ አልዘረዝረውም።

ለሳቸው የመለስኩት፣ የጋራ ጽሑፍ አያስፈልግም አላልኩም የሚል ነው። «ሂሳቡ ልክ አይደለም የምትሉ እስከ አርብ ንገሩን» ጎጃምም ወሎም አዳማም እኩል ይገባዋል። ሰዉን የሚለያየው «ሄድሁ» እና «ሄድኩ» አይደለም።

6ኛ። ሹፌር ነው፣ የጅቡቲ መስመር የሚሰራ፣ ሞጆና አዳማ ጋራዥ ቆሞ እንደሚጽፍ ነው የነገረን። ጋራዥ ውስጥ ማንም መደበኛ አማርኛ ሳይናገር ሥራው ቀጥ ብሎ ይሄዳል አለ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ጋቢና፣ ፖርቶመጋላ፣ ጎሚስታ፣ ላቫጆ፣ ሁሉም ጣልያን ትቶልን የሄደው ነው፣ አንድ ረዳት በ3 ወር ውስጥ ሁሉንም ያውቃል፣ ተሳስቶ አንዱን ፈትቶ ሌላውን አያመጣም። ዜና ላይ ግን ባጃጅ «ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ» ይባላል፣ ሹፌር «አሽከርካሪ» ይባላል፣ እሱ ለራሱ አሽከርካሪ ተብሎ ተጠርቶ አያውቅም፣ አደጋ ያደረሰ ጊዜ ካልሆነ በቀር። ይቺ የመጨረሻዋ አባባሉ ብዙ ሰው ነክታለች። እኔም ልብ ብዬ አስተዋልኩ፣ ወረቀት ስማችንን የሚቀይረው ብዙውን ጊዜ ስንከሰስ ወይ ስንከፍል ነው፤ «ግለሰቡ»፣ «ተጠርጣሪው»፣ «ባለ ዕዳው»።

7ኛ። የ6ኛውን ተከትሎ አንዱ ከፈረንሳይ የመጣውን ቆጠረ፣ «ሹፌር» ራሱ ፈረንሳይኛ ነው፣ አዲስ አበባ ያለው «ለገሃር» ባቡር ጣቢያ ማለት ነው፣ ከጅቡቲ አዲስ አበባ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ በ1909 ሲጠናቀቅ በአዳማችን በኩል ነው ያለፈው። በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉትን «ራፖር ጻፊ» የምንላቸውም ከዛው ቋንቋ ነው። ጥሩ መልስ ነበር፣ ችግሩ መጨረሻው ላይ የናዝሬት ባቡር ጣቢያ ብሎ ጻፈ።

ከ8ኛ እስከ 11ኛ። እዚህ ጋ ነገሩ ከመንገድ ወጣ። 8ኛው የከተማው ስም አዳማ ነው ብሎ አረመው፣ ስሙ በኦሮምኛ ከቁልቋሉ የመጣ የቦታው ጥንታዊ ስም ነው፣ ናዝሬት የተባለው በንጉሡ ዘመን ነው፣ በ1992 ደግሞ ወደ ቦታው ተመልሷል። 9ኛዋ ሴትዮ ያደገችው ናዝሬት ስትባል ስለሆነ አፏ እንደለመደው እንደምትጠራት ጻፈች። 10ኛው ቃል ወረወረ፣ 11ኛው ባሰበት፣ አድሚኑ ሁለቱንም አጠፋቸው። እኔ የምለው፣ አዲስ አበባ መናኸሪያ ረዳቱ ናዝሬት ናዝሬት ብሎ ይጣራል፣ ትኬቱ ላይ አዳማ ይላል፣ ተሳፋሪው ሁለቱንም ሰምቶ ይገባል። ስሙ ለባለቤቶቹ ምን ማለት እንደሆነ አውቄ ስጽፍ አዳማ እላለሁ፣ አሮጊቷ ጎረቤቴ ናዝሬት ስትል ደግሞ ተሳስተሻል ብዬ አላርማትም።

12ኛ። ክሩን ወደ ቦታው የመለሰው ይሄ ልጅ ነው። አፉን የፈታው በአፋን ኦሮሞ ነው፣ የክልሉ የሥራ ቋንቋም እሱ ነው፣ እናቱ አማርኛ የምትችለው የገበያና የጎረቤት ነው፣ ጥርት አድርጋ ትችላለች፣ ተጫውታ ታስቃለች፣ ግን ወረቀት ላይ ያለው አማርኛ ለሷ ሦስተኛ ቋንቋ ነው። ስለዚ እንደዚህ ባለ ህንጻ ላይ አንደኛ በሁለቱም ቋንቋ መለጠፍ አለበት፣ ሁለተኛ አማርኛው የምትሰማው አማርኛ መሆን አለበት። ቀጥሎ ያለው ነገር በጣም ነው የገረመኝ፤ «ጉዲፈቻ» የኦሮምኛ ቃል ነው፣ የሰው ልጅ እንደራስ አድርጎ ማሳደግ፣ ሕዝቡ ከአፉ ያወጣው። ዛሬ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ውስጥ ያለው ቃል እሱ ነው፣ ዳኛው የሚጽፈው እሱን ነው። ስለዚ ሕግ ከሰው አፍ ቃል ሲወስድ ክብሩ አልወረደም ነው የልጁ ነጥብ። የ5ኛው መምህር መጥተው እጅ ነሱለት።

13ኛ። ይሄ በጣም አበሳጭቶኛል። በሀገሩ ላይ በሥራ ቋንቋ የተጻፈ ማስታወቂያ ማንበብ ያልቻለ ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው፣ መማር ነው፣ ጽሑፉ ወደ ያልተማረ ሰው መውረድ የለበትም አለ። «መውረድ» የምትለውን ቃል ነው የያዝኩበት።

እኔም በቁጣ መለስኩለት፣ አሁንም አልጸጸትም። እናቴ ማንበብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፣ 1971 የተጀመረው፣ ቀን ጉልት ስትሸጥ ውላ ማታ በኩራዝ። የምስክር ወረቀቷ ዛሬም ሳጥኗ ውስጥ በነጭ ነጠላ ተጠቅልሎ አለ። ከዛ ቀን ጀምሮ የመድኃኒት ወረቀት ታነባለች፣ የመዝሙረ ዳዊቷን ታነባለች፣ የእድር ደብተሩን አንብባ ማን እንዳልከፈለ ትናገራለች። ያን ማስታወቂያም አንብባዋለች። «ይቆጠራል» የሚለውን እያንዳንዱን ፊደል አንብባዋለች። እሷ የምታውቀው መቁጠር ብር መቁጠር፣ ቀን መቁጠር፣ ቆጣሪ መቁጠር ነው፣ ዝም ያለ ሰው እንደተስማማ መቆጠሩን ማን ነግሯት ያውቃል? ሰውየው ከዛ በኋላ አልጻፈም።

14ኛ። የሕግ ሰው ነው፣ ብዙ የጠቀመን። እንዲህ ያለ «እንደ እንዲህ ይቆጠራል» የሚል አጻጻፍ የሕግ አጻጻፍ ነው፣ አንድ ነገር ባይሆንም እንደሆነ አድርጎ ለመያዝ። ሕጎቻችን ራሳቸው ከየት እንደመጡም አብራራ፤ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ሬኔ ዳቪድ የሚባሉ ፈረንሳዊ ፕሮፌሰር ናቸው፣ የተረቀቀው በፈረንሳይኛ ነው፣ ከዛ ነው ወደ አማርኛ የተመለሰው። በሱ አስተያየት ያ ረጅም ዓረፍተ ነገር፣ ግሱን ለማግኘት አምስት መስመር የሚያስኬደው፣ ግማሹ ከዛ የመጣ ጠባይ ነው፣ ከፍርድ ቤት ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ወረደ።

ቀጥሎ ያለው ነው ሁላችንንም ያስቆመን። በዛው ሕግ ቁጥር 1682 ላይ ዝም ማለት በመርሕ ደረጃ አንድን የውል ሐሳብ እንደ መቀበል አይደለም። ልዩ ሁኔታዎች አሉት፣ የነዋሪዎች ማኅበርም መተዳደሪያ ደንቡ ይታያል፣ ስለዚ በዚህ ብቻ ታሸንፋላችሁ አላለም። ግን ማስታወቂያው ያንን ከባድ ነገር፣ ዝም ያለ ሰው ላይ ዕዳ የሚጭን ነገር፣ ሰው በማይገባው ቃል መጻፉ ለኮሚቴውም አይጠቅመውም አለ። የ4 ወሩን ጉዳይ በጽሑፍ እንዳስገባም መከረኝ፣ ቅጂዬ ላይ ተቀባዩን አስፈርሜ። አስገብቻለሁ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ እናየዋለን ብለዋል።

15ኛ። የሌላ ህንጻ ኮሚቴ ጸሐፊ ናት። ለመጻፍ ስትፈራ እንደቆየች ያስታውቃል፣ ቀስ ብላ ነው የገባችው። እሷም እንዲህ ነው የምትጽፈው። ለምን እንደሆነ ስታስረዳ፣ ስትመረጥ የቀድሞው ጸሐፊ ፋይል ሰጣት፣ ከዛ ላይ ቀኑንና ብሩን ብቻ እየቀየረች ትለጥፋለች። አንድ ጊዜ በገዛ አነጋገሯ አሳጥራ ጽፋ ነበር፣ አንድ ነዋሪ ይሄ የሱቅ ማስታወቂያ ነው ወይስ የማኅበር ብሎ በሰው ፊት ቀደደባት። ከዛ ቀን በኋላ «በሚመለከት» እና «ይታወቃል» የሌለበት ወረቀት አውጥታ አታውቅም። ቃሉ ኮት ነው የሆነላት፣ ሳትለብሰው መውጣት ፈራች።

16ኛ። ይሄ የኔ ነው። የሷን መልስ ካነበብኩ በኋላ ማታ ሱቅ ዘግቼ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። የደንበኛ ፋይል የማስቀምጥበት ፎልደር አለኝ፣ ሰው ዳግም ሲመጣ እንዳልደክም። «ይቆጠራል» ብዬ ፈለግኩ። 43 ፋይል ላይ አለ። ማስታወቂያ፣ የኪራይ ውል፣ የእድር ማስጠንቀቂያ፣ የቁጠባ ማኅበር ደብዳቤ። ግማሾቹን ሰዎቹ ይዘውት አልመጡም፣ በቃል የነገሩኝን እኔ ነኝ ወደዛ ቋንቋ የቀየርኩት። አንዷን አስታውሳለሁ፣ ቤት አከራይ ናት፣ ከ2 ወር በላይ ካልከፈለ ይውጣልኝ ብላ ነው የነገረችኝ፣ አጭርና ግልጽ። እኔ ከዛች አፍ ላይ ተነስቼ አራት መስመር ሰራሁበት፣ እሷም እንዴት አሳመርሽው ብላ ከፍላኝ ሄደች። ተከራዩ እንዴት እንዳነበበው ግን አላውቅም። ይሄን ስጽፍ ማንንም ለመውቀስ አይደለም፣ ጥያቄዬን ስጠይቅ ወረቀቱ ከሌላ ቦታ የሚመጣ ነበር የመሰለኝ።

17ኛ። ነርሷ ተመልሳ መጣች፣ ማውራቱን ትተን ለምን ማስታወቂያውን አብረን አንጽፈውም አለች። መጀመሪያ አንዱ «ይቆጠራል»ን አውጥቶ «እንደተስማማ ይወሰዳል» አደረገው። 12ኛው ልጅ ወዲያው ይሄን ያነበበች እናት ቆጣሪው ተነቅሎ ሊወሰድ ነው ብላ በር ትቆልፋለች አለ። እውነቱን ነው። «ተስማምታችኋል ብለን እንይዛለን» የሚለው ተሻለ።

18ኛ። ክብር ላይ ክርክር ተነሳ። 1ኛው አባት «ንገሩን» ለሽማግሌ ይከብዳል፣ «ይንገሩን» ይባል አሉ። መምህሩ ደግሞ ወረቀቱ ለሁሉም ነዋሪ ስለሆነ «እናንተ» ብዙውንም አንቱታውንም ይሸፍናል አሉ። አንዷ እግዚአብሔርን እንኳን በጸሎት አንተ ነው የምንለው፣ ክብር በተውላጠ ስም ብቻ አይደለም አለች፣ ከዚህ ተነስቶ ስለ ጸሎት አማርኛ ሌላ ወሬ ተጀመረ፣ ደስ የሚል ነበር ግን አልፈዋለሁ። «እናንተ» ጸደቀ።

19ኛ። 3ኛው ሰውዬ ተመለሰ፣ አሁንም ሊያርም። «ኮሚቴው ጋ» ብለን ነበር የጻፍነው፣ «ጋር» ይሁን አለ። ይሄኔ 4ኛው ልጅ አይደለም አለው፣ «ከኮሚቴው ጋር መጡ» አብረው መጡ ነው፣ «ኮሚቴው ጋ መጡ» እሱ ወዳለበት ነው፣ አፋችን ሁለቱን ለይቶ ይዟል፣ ድሮ «ዘንድ» የምንለው ቦታ ላይ ነው ያለችው። ሰውዬው ትንሽ ቆይቶ ልክ ነው፣ አላስተዋልኩትም ብሎ ጻፈ። ከዛ ደግሞ «እስከ አርብ» ብቻ አትበሉ፣ ሰዓቱን ጨምሩ፣ አንዱ ጠዋት ሌላው ማታ ይለዋል ብሎ የጠቀመንን ነገር ሰጠን።

20ኛ። ያወጣነው ይሄ ነው፤

«የውሃ ፓምፑ የጋራ ቆጣሪ ላይ ያልተከፈለ ሂሳብ አለ። ለአንድ ቤት 1,840 ብር ደርሷል። ቅሬታ ያላችሁ እስከ አርብ ማታ 12 ሰዓት ኮሚቴው ጋ መጥታችሁ ንገሩን ወይ ጽፋችሁ ስጡን። እስከዛ ካልነገራችሁን ተስማምታችኋል ብለን እንይዛለን።»

አተምኩትና ቅዳሜ ለእናቴ ወሰድኩላት። ቡናው ሁለተኛው ላይ ነበር። መነጽሯን አደረገች፣ ጣቷን አስኬደች፣ አሁን ገባኝ አለች፣ ደስ አለኝ። እና እማዬ ይሄ ተለጥፎ ቢሆን ሄደሽ ትነግሪያቸው ነበር አይደል ስላት አይ አለችኝ። ለምን? ቅሬታ የለኝማ አለች። ታምሜ ስተኛ ሾርባ ይዘው የመጡ ሰዎች ናቸው፣ በነሱ ላይ ምን ቅሬታ አለኝ፣ ሂሳቡ ነው እንጂ ልክ ያልሆነው።

የኛ 19 መልስ ያላየውን እሷ አየችው። ለኮሚቴው ቅሬታ ማለት የሚሞላ ወረቀት ነው፣ ለሷ ሆድ ውስጥ የሚቀር፣ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያኳርፍ ነገር ነው። «ቅሬታ ያላችሁ» የሚለውን ሰርዤ «ሂሳቡ ልክ አይደለም የምትሉ» ብዬበታለሁ። ኮሚቴው ለሚቀጥለው ጊዜ በዚህ እንለጥፋለን ብሎ ተቀብሎኛል፣ 12ኛው ልጅ ደግሞ በአፋን ኦሮሞ ጽፎ ለራሱ እናት አንብቦላት እንደሚልክልኝ ነግሮኛል፣ እሱን እየጠበቅኩ ነው።